የ1964ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት፦ ካርቱም የአብያተ ክርስቲያናትን ሽምግልና ስለ ምን ተቀበለች?

ሰናይ ዘጎፋ፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዓለም አቀፍ ግንኙነት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በማጠናቀቅ ላይ ስሆን፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ጉዳይ ሃይማኖት በውጭ ጉዳይ ፖሊሲና በሰላም ድርድር ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። አማካሪዬ ርዕሱን ሲያዩ ብዙም ደስ አላላቸውም፤ «ሃይማኖት ጦርነት ሲለኩስ ብዙ አይተናል፤ ሲያበርድ ያየህበትን አንድ አገር ጥቀስልኝ» አሉኝ። እኔም ሩቅ ሳልሄድ፣ በሱዳን መንግሥትና በደቡብ ሱዳን አማፅያን መካከል እዚሁ አዲስ አበባ የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. የተደረሰበትን ስምምነት ጠቀስኩላቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የቆየውንና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደፈጀ የሚገመተውን ጦርነት ያስቆመው ድርድር የተመራው በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና በመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሰዎች ነበርና። እርሳቸው ግን «እሱ የጃንሆይ ሥራ ነው፤ ቄሶቹማ ሻይ ሲጠጡ ነበር» ብለው አለፉት።

ጉዳዩን ባነበብኩት ቁጥር ግን ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ የቁጥሩ መመሳሰል እንዳያሳስታችሁ እየለመንኩ ልቀጥል። የካርቱም መንግሥት በ1964 የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከደቡብ ያባረረው አብያተ ክርስቲያናት ዓመፁን ያባብሳሉ በሚል ክስ ነው። ታዲያ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነበት አገር መንግሥት የእነዚያኑ አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ሸምጋይ አድርጎ የተቀበለው እንዴት ነው? ሥራውን የሠራው በእርግጥ ሃይማኖቱ ነው ወይስ ሃይማኖት የለበሰ ሌላ ነገር? ስምምነቱስ በ11 ዓመቱ ለምን ፈረሰ? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


ጡረተኛው፦

ልጄ ሰናይ፣ በሱዳን ጉዳይ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ፤ የማውቀውን ያህል ልንገርህ። አማካሪህ ግማሹን እውነት ተናግረዋል፤ ግማሹን ግን ሻዩ ጋርዷቸዋል።

ከእርሳቸው ግማሽ ልጀምር። ድርድሩ ሊፈርስ የደረሰው በጦር ሠራዊቱ ጉዳይ ነው። ደቡቦቹ ያለ ራሳቸው ጦር ወደ ቤታቸው መመለስ እንደ በግ መነዳት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ የካርቱም ልዑካን ደግሞ አንድ አገር ሁለት ጦር ሊኖረው አይችልም ብለው ድርቅ አሉ። ጃንሆይ የገቡት እዚህ ላይ ነው። በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12 ሺህ እንዲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 6 ሺህው የደቡብ ተወላጆች፣ 6 ሺህው ደግሞ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እንዲውጣጡ የተደረሰበት መግባባት የእርሳቸው ጣልቃ ገብነት ፍሬ እንደሆነ ይነገራል። ይህንንም ለጽድቅ ብቻ አደረጉት ማለት የዋህነት ይሆናል። በዚያ ዘመን የኤርትራ ግንባሮች በሱዳን በኩል ይገቡና ይወጡ ነበር፤ የሱዳን አማፅያንም በእኛ በኩል መሹለኪያ አላጡም። የጎረቤቱ ጎጆ ሲነድ ውኃ ይዞ የሚሮጥ ሰው የራሱን የሣር ክዳንም እያየ ነው የሚሮጠው።

ነገር ግን ያ ጠረጴዛ ማን ዘርግቶት ነው ጃንሆይ የደረሱበት? አማካሪህ ያላዩት ግማሽ ይህ ነው። በጥር 1971 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባውን ያደረገው አዲስ አበባ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ከምክር ቤቱና ከመላው አፍሪካ ጉባኤው የተውጣጣ ልዑክ ካርቱም ገባ። ልዑኩ ይዞት የሄደው ጉዳይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ስደተኞችና ተፈናቃዮች እርዳታ እንዲያገኙ ማድረግ እንጂ የሰላም ዕቅድ አልነበረም። አንተ «ሃይማኖት የለበሰ ሌላ ነገር» ብለህ የጠየቅከውን እኔ እዚህ ላይ አየዋለሁ። እርዳታ የሚያቀብል ድርጅት በኡጋንዳ የስደተኞች ጣቢያ ይገባል፣ ጫካ ያለውንም ያገኛል፣ ለንደን ተቀምጦ የሚጽፈውንም ያውቀዋል። የደቡቡ ንቅናቄ ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደ ተበተነ ጨሌ ነበር። ጆሴፍ ላጉ አኛኛ በሚባሉት የደቡብ አማፅያን ተዋጊዎች ላይ አንድ አዛዥ ሆኖ ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም፤ ፖለቲከኞቹም በየከተማው ተበታትነው የየራሳቸውን መንግሥት ሲያቋቁሙና ሲያፈርሱ ከርመዋል። ካርቱም «እሺ እንነጋገር» ብትል እንኳ ከማን ጋር እንደምትነጋገር አታውቅም ነበር። ጨሌውን አንድ በአንድ ለቅመው በክር ያሰሩት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ጋናዊው ኮድዎ አንክራ፣ አርጀንቲናዊው የሕግ ሰው ሊዮፖልዶ ኒሉስ፣ የመላው አፍሪካ ጉባኤ ዋና ጸሐፊ ላይቤሪያዊው ካህን በርጀስ ካር።

ካርቱም ስለ ምን ተቀበለቻቸው ላልከው ደግሞ፣ መልሱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ መንግሥት የሌላውን አገር አማፂ በይፋ ከጠራ ዕውቅና ሰጠ ይባላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በቻርተሩ በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የታሰረ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን በየትኛውም መዲና ባንዲራ አትሰቅልም። ከእርሷ ጋር ሻይ መጠጣት ዕውቅና መስጠት አይባልም፤ ካልተሳካም ማንም ሳይዋረድ ጽዋው ተነሥቶ ይታጠባል። አማካሪህ የቀለዱበት ሻይ ትልቁ ሥራ እንደነበረ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

ሻዩ ግን ነጻ አልነበረም። ሸምጋዮቹ ገና ከመነሻው አንድነቷ የተጠበቀ ሱዳንን እንደሚደግፉ ለካርቱም አሳውቀው ነበር። ለመገንጠል ደሙን ላፈሰሰ የደቡብ ተዋጊ ይህ መራራ ነው፤ የገዛ ሃይማኖቱ ሰዎች «ነጻ አገር የሚለውን ትተህ ና» አሉት ማለት ነው። ካርቱም ያመነቻቸው በዚህ ነው። ደቡቦቹስ ለምን ታገሱት ብትል፣ በችግራቸው ዘመን እህልና መድኃኒት ይዞ የመጣላቸው ሌላ ብዙ ሰው ስላልነበረ ነው እላለሁ።

ጊዜውም ጥሩ ነበር። በሐምሌ 1971 ኮሚኒስቶቹ የሱዳኑን መሪ ጃፋር ኒሜሪን ገልብጠው ለሦስት ቀን ያህል ከያዙ በኋላ ሥልጣኑ ተመለሰለት፤ የደቡብ ጉዳዮች ሚኒስትር የነበረው ኮሚኒስቱ ጆሴፍ ጋራንግም ተሰቀለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአባ ደሴት የማህዲ ተከታዮች የሆኑትን አንሳሮች በጦር ደምስሷል። ግራውንም ቀኙንም የጨረሰ መሪ የቀረው ወዳጅ ደቡቡ ብቻ ነበር። በጋራንግ ቦታ የተተካው አቤል አሊየር ከቦር የተገኘ የዲንቃ ተወላጅና ክርስቲያን ዳኛ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የመጣውን የመንግሥት ልዑክ የመራው እርሱ ነው። ከወዲያ በኩል ልዑኩን የመራው ኤዝቦኒ ሞንዲሪም የደቡብ ሰው ነው። ስለዚህ «የሙስሊምና የክርስቲያን ድርድር» ብለህ እንዳትጽፍ፤ ሁለቱንም ልዑካን የመሩት የአንድ ደቡብ ልጆች ነበሩ።

በአዳራሹ ውስጥ ስለነበረው መንፈስ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ካር መድረኩን ሲመራ በጸሎት ይከፍት ነበር፤ ከመጽሐፍ ቅዱስም ከቁርኣንም ይጠቀስ ነበር። ይህ የተኩስ አቁም መስመርን አንድ ስንዝር እንዳላንቀሳቀሰ አውቃለሁ። ሆኖም ተደራዳሪ ሰው በልቡ «እጄን ብሰጥ ይህ ሰው ይስቅብኛል» ብሎ በሚፈራበት ሰዓት፣ ሁለቱም ከሚያከብሩት ነገር ፊት አንገቱን ደፍቶ መቆየቱ ፍርሃቱን ያለዝበዋል። በቀበሌ ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የጋሼ ጡረተኛውን ጽሑፍ በአድናቆት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሰለኝ። በመጀመሪያ፣ ስምምነቱን ያፈረሰው ሃይማኖት ራሱ ነው። ኒሜሪ በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅ ደቡቡ ጠመንጃውን አነሣ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ሸምጋዩ ሃይማኖት ነበር ካልን አፍራሹም ሃይማኖት እንደነበር መመዝገብ አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከመንግሥት የተለየ አቋም ያላቸው የሚመስለው ከውጭ ሲታዩ ነው። የራሷ አገር መንግሥት ሲያጠፋ የምትናገር ቤተ ክርስቲያን ስንቷ ናት? በሩዋንዳ የኪጋሊው ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ለብዙ ዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በ1994 ሰዎች ወደ አብያተ ክርስቲያናት የሸሹት በቀደሙት ጭፍጨፋዎች ጊዜ እዚያ የተጠጋ ይተርፍ ስለነበር ነው፤ ንያማታና ንታራማ ዛሬ የመታሰቢያ ሥፍራ የሆኑት የሸሹት በውስጣቸው ስላለቁ ነው። እኔ በስደት የምኖር ሰው ነኝ፤ በእኛም መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን በአገር ቤት ፖለቲካ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ያየ ሰው ለሸምጋይ ካህን ያለው እምነት ይቀንሳል። የእኛው ደብር ምእመናን ለሁለት በተከፈሉ ጊዜ፣ የእርቅ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በየወገናቸው ተቀምጠው ነበር። ሰናይ ይህንንም ቢጽፍ መልካም ነው።


የወሎው ልጅ፦

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለክርስቲያን ወገኖቼም ሰላም ለናንተ ይሁን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉትን ወንድም በአንድ ነጥብ ላይ ላርማቸው እወዳለሁ፤ ይህን የማደርገው ሙስሊም ስለሆንኩ ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለተዛባ ነው። በቦር የሰፈረው ጦር ያመፀው በግንቦት 1983 ነው። ኒሜሪ ደቡቡን በአዋጅ ለሦስት ክልል የከፈለው በሰኔ ነው። የመስከረሙ ሕግ የመጣው ከሁለቱም በኋላ ነው። ስለዚህ ጦርነቱን ሸሪዓው ጀመረው የሚለው አባባል፣ የተቀጣጠለ ቤት ላይ ኋላ የፈሰሰውን ጋዝ ክብሪት ነው እንደ ማለት ነው። ጋዝ መሆኑን አልክድም፤ እሳቱን ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል እንዳይጠፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ክብሪቱ ሌላ ቦታ ነበር። በ1978 በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ከተገኘ ወዲህ ካርቱም ደቡቡን እንደ ራስ ገዝ አካል ማየቷን እያቆመች ሄደች። ከዚያ በፊት በ1977 ኒሜሪ ከሰሜኑ ተቀናቃኞቹ ከሳዲቅ አል ማህዲና ከሐሰን ቱራቢ ጋር ታርቆ ስለነበር የደቡቡ ወዳጅነት እንደ ዱሮው አላስፈለገውም። ጋሼ ጡረተኛው እንዳሉት በ1972 የተስማማው ሌላ ወዳጅ ስላልነበረው ነው፤ ወዳጅ ሲያገኝ ቃሉን ረሳ። የሚገርመው ደግሞ የራስ ገዝ ሕጉ ሊሻሻል የሚችለው በብሔራዊ ምክር ቤቱ የሦስት አራተኛ ድምፅና በደቡብ ሕዝበ ውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ፕሬዝዳንቱ በአንድ ወረቀት ሲሽረው ማንም የጠየቀው የለም። የ1973ቱ ሕገ መንግሥት እስልምናንም ክርስትናንም በስም ጠቅሶ የተቀበለ ነበር፤ ሙስሊሞች ተስማምተው ያጸደቁት ማለት ነው። ሃይማኖቱ ሳይለወጥ የገዢው ፍላጎት ሲለወጥ ነው ሁሉም የተገለበጠው።

ለሰናይ ደግሞ አንድ ጥቆማ አለኝ። ምሳሌዎችህ ሁሉ ከክርስትናው ወገን እንዳይሆኑ የፊሊፒንስን የሞሮ ጉዳይ ተመልከት። በሚንዳናዎ ሙስሊሞች መሣሪያ ባነሡ ጊዜ፣ የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በ1974 ኩዋላ ላምፑር ላይ ተሰብስበው ያሉት ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አልነበረም። መፍትሔው በፊሊፒንስ ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት ውስጥ ይፈለግ ነው ያሉት። የሃይማኖት ወንድሞቻቸው እንዲገነጠሉ አላበረታቱም። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 1976 በሊቢያ ትሪፖሊ ለ13 አውራጃዎች ራስ ገዝነት የሚሰጥ ስምምነት ተፈረመ፤ ፈርዲናንድ ማርኮስም እንዳሻው ተርጉሞ አበላሸው። ጉዳዩ እንደገና በኢንዶኔዥያ ሰብሳቢነት ተይዞ በ1996 ማኒላ ላይ ከሞሮ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር መሪ ከኑር ሚስዋሪ ጋር ተፈረመ፤ ከተቀረው፣ ከሞሮ እስላማዊ ነጻ አውጪ ግንባር ጋር ደግሞ በማሌዥያ አደራዳሪነት በ2014 ተቋጨ። እዚህ ላይ ሃይማኖቱ የሠራው ሥራ ጋሼ ጡረተኛው በካርቱም ላይ ካሳዩን ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አማፂው ከማንም ሊሰማው የማይፈልገውን «አገር አትገንጥል» የሚል ቃል ከወንድሙ አፍ ሰማው። ማኒላ ብትነግረው ተኩሶ ይመልስላት ነበር። በቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት ከምእመናን ሁለት ወገኖች ቢጋደሉ በመካከላቸው አስታርቁ የሚለው ትእዛዝ፣ ቀጥሎ በበዳዩ ላይ ስለ መቆምና በፍትሕ ስለ ማስታረቅ ይናገራል። ፍትሑን ትቶ እርቁን ብቻ የሚጠቅስ ሸምጋይ አንቀጹን ግማሽ አንብቧል።


ሰናይ ዘጎፋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሻዩን ነገር ለአማካሪዬ አነብላቸዋለሁ፤ የሚሉትንም እነግርዎታለሁ። የወሎው ወንድሜ ያቀረቡት የወራት ቅደም ተከተል አንድ ምዕራፍ አስተካክሎልኛል፤ እኔም «ሸሪዓው አፈረሰው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሠርዤዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ፕሬዝዳንቱ ስምምነቱን በአንድ ወረቀት ሲሽር ሸምጋዮቹ የት ነበሩ? ሃይማኖታዊ ሸምጋይ ካስፈረመ በኋላ የሚያስከብርበት ምን መሣሪያ አለው? ካላስከበረስ ሽምግልናው ምኑ ላይ ነው?


ጡረተኛው፦

መሣሪያ የለውም፤ እቅጩን ልንገርህ። ካስፈረሙ በኋላ ወደ እርዳታውና ስደተኞችን ወደ መመለሱ ሥራ ሄዱ፤ የስምምነቱ ጠባቂ ተብሎ የተሰየመ የውጭ ኃይል አልነበረም። ኢትዮጵያ ራሷ በ1974 አብዮት ውስጥ ገባች፤ በአደባባይ ቃሉን የሰሙት ንጉሥ ከዙፋን ወረዱ። ዋስ የሌለው ውል ማለት ነው።

ይህን ከሞዛምቢክ ጋር አስተያየው። የሮሙ የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር በ1968 በተማሪዎች የተመሠረተ የምእመናን ማኅበር ነው፤ ጦር የለውም፣ በጀቱም ትንሽ ነው። ከሐምሌ 1990 ጀምሮ የገዢውን ፓርቲ የፍሬሊሞንና የአማፂውን የሬናሞን ሰዎች ሮም በሚገኘው የቀድሞ ገዳም ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ አነጋገራቸው። ከአራቱ ሸምጋዮች አንዱ የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ዣይሜ ጎንሳልቬስ ነበሩ። እኚህ ሰው ከሬናሞው መሪ ከአፎንሶ ድላካማ ጋር የሚጋሩት ነገር ቢኖር የንዳው ቋንቋን ነው፤ ሰላሙ ገና በሐሳብ ደረጃ ሳለ ጫካው ድረስ ሄደው በእናት ቋንቋው አነጋግረውታል። ይህን የትኛውም አምባሳደር ሊያደርገው አይችልም። ነገር ግን አራተኛው ሸምጋይ የጣሊያን መንግሥት ሰው ነበር፤ ገንዘቡም ከዚያ በኩል መጣ። ጥቅምት 4 ቀን 1992 ሲፈረም ደግሞ ውሉን የሚጠብቅ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ተከተለው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አሰፈረ፣ ታጣቂዎቹን ትጥቅ አስፈታ፣ በ1994 ምርጫው እስኪካሄድ ቆየ። በሮም ካህኑ በሩን ከፈተ፣ መንግሥታት ደግሞ በሩ እንዳይዘጋ እግራቸውን አስገቡ። በእኛው ስምምነት ሁለተኛው ክፍል ጎደለ።

ስለዚህ «ካላስከበረስ ምኑ ላይ ነው» ለሚለው፣ የ11 ዓመት ሰላም ቀላል ነገር አይደለም ብዬ እመልሳለሁ። በእነዚያ ዓመታት በደቡብ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉት ወንድም ስለ ሩዋንዳ ያነሡት ግን ልክ ነው፤ አልከራከራቸውም። ከቤተ መንግሥት ጠረጴዛ የሚበላ ካህን በሌላ ጠረጴዛ ሸምጋይ ሊሆን አይችልም። በርጀስ ካር ካርቱም ውስጥ ደብር ቢኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብዬ አስባለሁ።


የጁባ ነዋሪ፦

ይህን ውይይት ከጁባ ሆኜ እያነበብኩት ነው። እዚህ በንግድ ሥራ ከተሰማራሁ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እንደሚታወቀው በሆቴሉም በጭነቱም የሐበሻ እጅ የሌለበት ሥራ እዚህ ጥቂት ነው። እናንተ ስለ 1972 ስትነጋገሩ እኔ የማየው የዛሬውን ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሚያዝያ 2019 የተፋለሙትን የደቡብ ሱዳን መሪዎች የሳልቫ ኪርንና የሪክ ማቻርን ጫማ ቫቲካን ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲስሙ ያላየ የለም። በየካቲት 2023 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ጋር ሆነው ጁባ ሲመጡ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። በጆን ጋራንግ መቃብር ግቢ ቅዳሴው በተደረገበት እሑድ ጠዋት መንገዶች ስለተዘጉ ሱቃችንን አልከፈትንም፤ ሌሊት የመጡ ሴቶች ባንዲራ አገልድመው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሩምቤክ ተነሥተው ከሳምንት በላይ በእግራቸው የተጓዙ ወጣቶችም እንደነበሩበት ይታወሳል፤ የአንዳንዱ እግር ቆስሎ በጨርቅ ታስሮ ነበር። እንግዳው ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ቀን ግን በካጆ ኬጂ ከሃያ በላይ ሰዎች ተገድለው ነበር። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ያየ ሰው ምን ይበል? ለትልልቆቹ ሰዎች የተደረገው ትሕትና ወደ ታች የሚወርድበት ቦይ የለውም የሚለው የእኔ ሐሳብ ነው።

ሰናይ ወንድሜ፣ ለጽሑፍህ የሚጠቅምህ ከዚህ ይልቅ የዉንሊት ጉባኤ ይመስለኛል። በ1991 የደቡቡ ነጻ አውጪ ጦር ከተከፈለ በኋላ ዲንቃና ኑዌር ለሰባት ዓመት ያህል ከሰሜኑ ጦር በከፋ ሁኔታ ተላልቀዋል። የአዲሲቱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ጉዳዩን ሲይዝ ከአዛዦቹ አልጀመረም፤ ከጎሣ አለቆች ጀመረ። መጀመሪያ ጥቂት አለቆች ተገናኝተው ተነጋገሩ። ከዚያ የዲንቃ አለቆች በኑዌር አገር ወደምትገኘው ሌር ተላኩ፣ የኑዌር አለቆችም ወደ ዲንቃ አገር ሄዱ። የተላከው ሰው እንግዳም መያዣም ነው፤ አንዱ ቢገደል ሌላው በሕይወት አይመለስም ነበር። ሁሉም በሰላም ከተመለሱ በኋላ በየካቲት መጨረሻ 1999 ዉንሊት በምትባል መንደር ተሰበሰቡ።

ጉባኤው የተከፈተው በእነርሱ ባህል ማቢዮር የሚሉትን ነጭ በሬ በማረድ ነው። ጳጳሳቱ አጠገቡ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወገን ያለማቋረጥ በደሉን እንዲናገር ተፈቀደለት፤ የተወሰዱ ሴቶችና ልጆች፣ የተነዱ ከብቶች፣ የተቃጠሉ ጎጆዎች በስም እየተጠሩ ተዘረዘሩ። ቀናት ፈጀ። መጨረሻ ላይ የተወሰዱት እንዲመለሱ፣ የግጦሽ መሬቱና ውኃው በጋራ እንዲሆን፣ በድንበሩ ላይ የጋራ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተስማምተው ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ አተመ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወንድማችን ሃይማኖት ከውጭ ሲታይ ብቻ ነው የተለየ የሚመስለው ብለዋል፤ እዚህ ግን ክርስትናው ብቻውን አልሠራውም፤ ለአባቶቻቸው እምነት ቦታ ለቅቆለት ጎኑ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የጸናው ስምምነት የኖረው በሬው ስላለ ነው የሚሉኝ አሉ።


ሰናይ ዘጎፋ፦

ጋሼ፣ አማካሪዬ አንብበውት «እንግዲያው የሻዩን ምዕራፍ ጻፈው» ብለውኛል፤ ርዕሱንም ወደ ሱዳን ብቻ እንዳጠብበው ፈቅደዋል። ወንድሜ የጁባው፣ የዉንሊት ቃል ኪዳን በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ምን ሆነ? እርሱም ፈረሰ ማለት ነው?


የጁባ ነዋሪ፦

አንድ የኑዌር ሹፌር ከእኛ ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ አጎቱ ዉንሊት ላይ ከነበሩት አንዱ ነበሩ። በ2013 ግድያው ሲጀመር በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ተጠልሎ ወራት ቆየ። አንተ የጠየቅከኝን ያን ጊዜ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝ፣ በዚያ የግጦሽ ድንበር ከብት የሚጠብቁት ሰዎች ወዲያው አልተነሣሡም፣ ጥሉ መጀመሪያ የተነሣው ከተማው ውስጥ በወታደሮቹ መካከል ነው፣ ከወታደሮቹም አብዛኞቹ በሬው ሲታረድ ገና ልጆች ነበሩ ብሎ ነው። አጎቱ በዚያው ዓመት አረፉ። እርሳቸው በጣታቸው ያተሙበትን ወረቀት ቅጂ ቤተሰቡ በፕላስቲክ ጠቅልሎ እንዳስቀመጠውና እርሱም አንድ ጊዜ እንዳየው ነግሮኛል።